የመፋቂያ ሻጩ ጥርሶች

አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ገበያ መግቢያ ላይ፣ ባጃጆች ተራ ከሚጠብቁበት ትንሽ ወረድ ብሎ፣ የዛገ የቆርቆሮ አጥር አለ። እዚያ አጥር ሥር ዳምጤ ሃያ ስምንት ዓመት መፋቂያ ሸጧል። መፋቂያ ሽጦ ሰው ይኖራል ወይ ብላችሁ እንዳትጠይቁኝ፤ ዳምጤ ኖሯል። ሁለት ሴት ልጆች አሳድጎ ድሯል፤ ሴቻ ዳገቱ ሥር ሁለት ክፍል ቤት ሠርቷል፤ ለሚስቱ ለሻሺቱም በየመስቀሉ አዲስ ቀሚስ ሳይገዛላት ቀርቶ አያውቅም። ይህን ሁሉ ያደረገለት እንጨቱ እንዳይመስላችሁ። እንጨት ማንም ቆርጦ ይሸጣል። የዳምጤ እንጀራ ጥርሱ ነበር።

እንዲህ ያለ ጥርስ አርባ ምንጭ ውስጥ ታይቶ አይታወቅም ቢባል ማጋነን ነው፤ ግን ብዙም ማጋነን አይደለም። ከላይም ከታችም አንድ ሳይጎድል የተደረደረ፣ አንድም ቦታ ያልጠቆረ፣ ፊት ለፊት ላይ ደግሞ የሻሺቱን ልብ በልጅነቷ የሰረቀ ፍንጭት ያለው ነበር። ገበያተኛ ቆሞ እንጨቱን እያገላበጠ ሲያመነታ ዳምጤ አይከራከርም፣ አይምልም፣ ዋጋም አይቀንስም። ከእቅፉ አንድ መፋቂያ ይመዝና ጫፉን ነክሶ ልጡን በጥርሱ ይልጠዋል፤ ትፍ ይላል፤ ከዚያ በመንጋጋው አኝኮ አኝኮ እንደ ብሩሽ ያደርገውና እዚያው ገዢው ፊት አፉን ይፍቃል። ሲጨርስ ይስቃል። ሳቁ ድምፅ የለውም፣ ጥርስ ብቻ ነው። ይህን አይቶ ሳይገዛ የሄደ ሰው ካለ ወይ ቸኩሏል፣ ወይ የሚፋቅ ጥርስ የለውም።

ወይራው የሚመጣው ከትውልድ አገሩ ከገረሴ ነው። ታላቅ ወንድሙ ካሱ እየቆረጠ በየሳምንቱ በአይሱዙ ይልክለታል፤ ዳምጤ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ደጁ ላይ ተቀምጦ በስንዝር በስንዝር ይቆራርጠዋል። እንጨቱን ሲሸጥ ምክርም ጣል ያደርጋል፣ ምክሩ በነፃ ነው። ጥርሱ ለሚያመው ወይራ፣ ድዱ ለሳሳ ክትክታ። "ጠንከር አድርገህ ፈግፍገው" ይላል፤ "ድድ እንደ ሰው ነው፣ ካላስፈራሩት ይሰንፋል።" ሰዎች ተመልሰው መጥተው፣ "ጋሽ ዳምጤ፣ ስፍቀው እኮ ይደማል" ሲሉት ደግሞ መልሱ ዝግጁ ነው።

"መጥፎ ደም ነው። ይውጣ።"

ይህን ቃል ከማን እንደሰማው ራሱም አያውቀውም። ምናልባት ከማንም አልሰማውም። ሥራ በጀመረበት ዓመት አንዲት ሴት "እንጨትህ አደማኝ፣ ገንዘቤን መልስ" ብላ ብትመጣበት በድንጋጤ ከአፉ ያመለጠ ነው። ሴትዮዋ አሰበችበት፤ ራሷን ነቀነቀች፤ ሁለተኛ መፋቂያ ጨምራ ገዝታ ሄደች። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባል የለ! በሳምንቱ ሌላ ሰው ሲጠይቀው ያንኑ ደገመው፤ በዓመቱ ራሱም አመነበት፤ በአምስት ዓመቱ ሲቀላ ሁሉ የሚያውቀው ነገር ሆነ። እናት ለልጇ ስትል፣ ሹፌር ለረዳቱ ሲል ይሰማዋል። ደስም ይለዋል። ለምን አይለው? ፊደል ያልቆጠረ ሰው ከተማውን አንድ ነገር አስተማረ ማለት ነው።

ካስተማራቸው ውስጥ ባዩሽ አንዷ ናት። ባዩሽ ዛሬ ከአጥሩ ማዶ የማንጎ ጭማቂ ቤት ያላት፣ ለሠርጓ የምትዘጋጅ ወጣት ናት፤ ያኔ ግን የስምንት ዓመት ተማሪ ነበረች። አንድ ቀን ወደ ትምህርት ቤት ስትሄድ፣ ስትፍቅ ድዷ ደምቶባት፣ ከንፈሯ ላይ ደም ይዛ እያለቀሰች ፊቱ ቆመች። ዳምጤ ቁጭ ብሎ እንባዋን ጠረገላት። "መጥፎ ደም ነው ልጄ፣ ይውጣ። ሲወጣልሽ እንደኔ ትሆኛለሽ" ብሎ ሳቀላት። እሷም ሳቀች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከእሱ በቀር ከሌላ ሰው መፋቂያ ገዝታ አታውቅም ነበር።

የራሱ ድድ መድማት የጀመረው መቼ እንደሆነ ዳምጤ አያስታውሰውም። ጠዋት ሲፍቅ ምራቁ ይቀላል፤ አጥሩ ሥር ይተፋውና በእግሩ አፈር ገፋ አድርጎ ይሸፍነዋል። ሲብስበት ይበልጥ ጠንክሮ ይፍቃል። አፉ መሽተት ሲጀምር ቀድማ ያወቀችው ሻሺቱ ናት፤ ሲያወራት ፊቷን ወደ ጓዳ ዞር ታደርጋለች። ገባው። ቅርንፉድ ገዝቶ ጉንጩ ውስጥ ይዞ መዋል ለመደ። ጥርሶቹም ረዘም ረዘም ያሉ መሰለው፤ አደጉ አለ በልቡ። ጥርስ በሃምሳ ስድስት ዓመት የሚያድግበት አገር የት እንዳለ እኔ አላውቅም። ድዱ ነበር የሚሸሸው። ከላይ ሲያዩት ግን ያው ነጭ፣ ያው የዳምጤ ሳቅ ነው፤ ውሃ ሲወስድ አሳስቆ አሳስቆ ነው።

ነገሩ የፈነዳው የዛሬ ሁለት ዓመት በመስቀል ነው። የጋሞ ሰው ለመስቀል የትም ቢሆን አገሩ ይገባል፤ ዳምጤና ሻሺቱም እንደ ልማዳቸው ገረሴ፣ ካሱ ቤት ወጡ። በሬው ታርዶ፣ ሥጋው በእንሰት ቅጠል ላይ ተዘርግቶ፣ የሰፈሩ ሰው ክብ ሠርቶ ተቀመጠ። ካሱ ታላቅ ነውና ቢላዋውን ይዞ ለእያንዳንዱ በተራ ይቆርጣል። ለዳምጤ ሲደርስ ግን የሁለቱ የቆየ ጨዋታ አለ። ካሱ ቢላዋውን ያስቀምጥና የጠንካራውን ሥጋ አንድ ጫፍ ራሱ ይይዛል፤ ሌላውን ጫፍ ዳምጤ በፊት ጥርሱ ይነክሳል፤ ካሱ ሲስብ ሥጋው እንደ ክር ይበጠሳል። ልጅ ሆነው የጀመሩት ነው። ሰዉ ሁሉ ይህን ለማየት ይጠብቃል።

"ያዝ እንግዲህ ከተሜው!" አለ ካሱ።

ዳምጤ ነከሰ፤ ካሱ ሳበ። ሥጋው አልተበጠሰም። አንድ ቀለል ያለ ነገር፣ ሕመም እንኳ የሌለው፣ ከአፉ ሹልክ ሲል ተሰማው። ቀና ሲል ካሱ እጅ ላይ በተንጠለጠለው ሥጋ ጫፍ ላይ የራሱን የፊት ጥርስ አየ፤ ከፍንጭቱ በስተግራ ያለው ነው፣ ከነሥሩ ተሰክቶ ቀርቷል። ሥሩ ረጅም ነበር። ማንም አልሳቀም። ከሴቶቹ አንዷ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች።

"ማን መታህ?" አለ ካሱ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

"የቆየ ነው። ባጃጅ ገጭቶኝ ነበር" አለ ዳምጤ። ባጃጅ ገጭቶት አያውቅም። ጥርሱን ከሥጋው ላይ ነቅሎ በኮቱ ኪስ ከተተ፤ የዚያን ዕለት ገንፎ ብቻ ቀምሶ ዋለ። የልጅ ጥርስ ሲወልቅ አዲስ እንዲበቅል ጣሪያ ላይ ይጣላል። የሃምሳ ስድስት ዓመት ሰው ጥርስ የት እንደሚጣል ግን የነገረው የለም፤ ስለዚህ ኪሱ ውስጥ ቀረ።

አርባ ምንጭ ሲመለስ ዳምጤ ሌላ ሰው ሆነ። ሌሎቹን ጥርሶች በምላሱ እየነካካ ይፈትሻቸዋል፤ ሦስቱ ይነቃነቃሉ። መሳቅ ተወ። ሰው ሲያዋራው እጁን አፉ ላይ ያደርጋል። መፋቂያውን ነክሶ መላጥ ስላልቻለ ቤቱ ደጃፍ ላይ በመዶሻ ቀጥቅጦ፣ ጫፉን ብሩሽ አድርጎ ይዞ ይመጣል። ገዢው ደግሞ የተቀጠቀጠ እንጨት አይወድም፤ ማን አፍ ውስጥ እንደገባ ማን ያውቃል ብሎ ይጠረጥራል። ዳምጤ ፊቱ ሲያኝከው ያልጠረጠረ ሰው በመዶሻ የተቀጠቀጠውን ይጠረጥራል! የሰው ነገር እንዲህ ነው።

በዚያው ዓመት ዓለሚቱ የምትባል ሴት ከካምባ መጣች። ባሏ ሞቶባት፣ የክትክታ እቅፍ ይዛ የምትቀመጥበት አጥታ ስትዞር ቦታ የሰጣት ራሱ ዳምጤ ነው። ከአጥሩ ወዲያ ጫፍ አስቀመጣት፤ እንጨት እንዴት እንደሚመረጥ፣ ልጥ እንዴት እንደሚላጥ፣ ለገዢ ምን እንደሚባል አስተማራት። ዓለሚቱ ጥሩ ሴት ናት፤ አማርኛዋ ላይ ሴትና ወንዱ ይቀላቀልባታል እንጂ ቃል አትረሳም። ጥርሷም ጠንካራ ነው። ገበያው ቀስ በቀስ ወደ አጥሩ ወዲያ ጫፍ አደላ።

ሻሺቱ ሐኪም ቤት እንሂድ እያለች ስድስት ወር ወተወተችው። "መፋቂያ ሻጭ የጥርስ ሐኪም ቤት ሲገባ ሰው ቢያየኝስ?" ይላታል። ይህንን ነው የፈራው፤ በሽታውን አልፈራም። ሰው ቢያየውም ይህን ያህል ባልከፋ ነበር፤ እሱ ግን ስድስቱን ወር ሙሉ ሲፈራ ሁለት ጥርስ ወለቀ። በመጨረሻ አንድ ማክሰኞ ጠዋት ጋቢውን እስከ ዓይኑ ተከናንቦ በባጃጅ ተጭኖ ሄደ፤ ሻሺቱ አጠገቡ ተቀምጣ እንደ ሙሽራ ደብቃ አስገባችው።

ክሊኒኩ ፎቅ ላይ ነው። ተራ በሚጠበቅበት ክፍል ግድግዳ ላይ ትልቅ ሥዕል ተለጥፏል፤ በአንድ ወገን የተጣመመ፣ የበለዘ፣ የጎደለ ጥርስ፤ በሌላ ወገን የዚያው ሰው ጥርስ ተስተካክሎ፣ ነጥቶ፣ ተተክቶ። አግዳሚው ላይ ጥርሷን በሽቦ ያሳሰረች ተማሪ ስልኳን እየነካካች ተቀምጣለች። ዳምጤ ሥዕሉን ዓይኑን ሳይነቅል አየው። ከዚያ መስቀል ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ልቡ ውስጥ አንድ ነገር ሞቅ አለ። "ይቻላል ማለት ነው" አላት ሻሺቱን በሹክሹክታ።

ሐኪሟ ዮርዳኖስ ትባላለች፤ ከልጆቹ ታንሳለች። አስተኝታው፣ መብራቱን አዙራ፣ በትንሽ መስተዋት አፉን ለረጅም ጊዜ አየች።

"ጥርስዎ በጣም ቆንጆ ነው አባቴ" አለች። "አንድም የተቦረቦረ የለም። እንዲህ ያለ ብዙ አላይም።"

ዳምጤ ተኝቶ ባለበት ደስ አለው። ደስታው እሷ መስተዋቱን እስክታስቀምጥ ድረስ ቆየ።

"ድዱ ግን አልቋል። ጥርሱን የሚይዘው አጥንትም አብሮ ሄዷል። ዛፉ ጤነኛ ነው፣ አፈሩ ነው የተሸረሸረው። ከመቼ ጀምሮ ነው የሚደማዎት?"

"ደሙስ ደህና ነው" አለ ዳምጤ ከልማዱ። "መጥፎ ደም ነው፤ መውጣቱ ጥሩ ነው።"

ሐኪሟ ጓንቷን እያወለቀች ተነፈሰች። "እርስዎም? እዚህ የሚመጣ ሰው ሁሉ ይህንኑ ይለኛል። አርባ ምንጭ ከመጣሁ ሦስት ዓመቴ ነው፤ መጥፎ ደም ነው ይውጣ፣ መጥፎ ደም ነው ይውጣ! ጥርሱን በእጁ ይዞ እየመጣ ይህንን ይነግረኛል። ማን እንደጀመረው ባገኘው ምን እንደምለው አላውቅም።"

ሻሺቱ ባሏን አየችው። ዳምጤ ጣሪያውን አየ።

"መፋቂያው ነው ጥፋቱ?" አለ፣ ድምፁ ከሩቅ የሚመጣ መስሎ።

"መፋቂያው ምንም አላጠፋም። ጥሩ ነገር ነው፤ ቀስ ተብሎ፣ ከድድ ወደ ጥርስ፣ በውጭም በውስጥም ከተፋቀ። ግን ድድና ጥርሱ መካከል እንደ ድንጋይ የሚጋገር ቆሻሻ አለ፤ እሱን መፋቂያ አያነሳውም፣ እኛ ነን የምናጥበው። ደሙ ኑ ብሎ የሚጠራ ነገር ነበር። ያኔ መጥተው ቢሆን በአንድ ጠዋት አጥቤ እሸኝዎት ነበር።"

"በአንድ ጠዋት?"

"በአንድ ጠዋት።"

ዳምጤ ተነሥቶ ተቀመጠ። በበሩ በኩል ወደሚታየው ሥዕል በጣቱ አመለከተ። እንደዚያ ሰውዬ ማድረግ አይቻልም ወይ አላት። ያ ማስነጣት ነው አለችው፤ የእርስዎ ነጭ ነው፣ ምኑን አነጣዋለሁ? ሽቦስ? ሽቦ የሚያስተካክለው ተተክሎ የቆመ ጥርስ ነው። ያኛውስ፣ በብሎን የሚተከለው? እሱ አዲስ አበባ ይሠራል፣ ዋጋውም የዋዛ አይደለም፤ ቢኖርዎትም ብሎኑ አጥንት ይፈልጋል፣ አጥንት ደግሞ የለም። እያንዳንዱን ስትመልስለት ድምፅዋ እየለዘበ መጣ፤ ያ ነው ይበልጥ ያስፈራው። የቀረው የሚነቃነቁትን ነቅሎ፣ የሚወልቅና የሚገባ ሰው ሠራሽ ጥርስ ማሠራት ነበር።

ቤት እንደገቡ ዳምጤ በርጩማው ላይ ጋቢውን ሳያወልቅ ተቀመጠ። ሻሺቱ ከፊቱ ቆመች። ትጮሃለች ብሎ ጠብቆ ነበር። አፏን ከፈተችና ጉንጯን በጣቷ ወደ ጎን ስባ አሳየችው። በቀኝ ሁለት፣ በግራ ሁለት መንጋጋ የለም።

"ልጅ ስወልድ የሄዱ ነበር የሚመስለኝ" አለችው። "ሴት ስትወልድ ጥርሷ ይሄዳል ይሉ የለ? ሲደማኝ ነግሬህ ነበር። ይውጣ አልከኝ። እኔም ሳስወጣው ኖርኩ።"

አልተቆጣችም። ተቆጥታ ቢሆን ዳምጤ በወደደ። ዞር ብላ ምሳ ልትሠራ ገባች፤ ለእሱ ሳይታኘክ የሚዋጥ ነገር።

የማይነቃነቅ አልተገኘምና ጥርሶቹን ሁሉ በሁለት ወር ውስጥ ተራ በተራ ነቀሉለት። ማደንዘዣው ሲወጋ አንድም ቀን አላለቀሰም፤ ሐኪሟ ነጩን ጥርስ በብረት ሳህን ላይ ስታስቀምጠው ኪል የሚለውን ድምፅ ሲሰማ ግን ዓይኑን ይጨፍናል። ሰው ሠራሹን ጥርስ ለመሥራት ልክ የወሰደውን ሰውዬ አንድ ነገር ብቻ ለመነው፤ "ፍንጭት አድርግልኝ።" ሰውዬው እሺ አለው። እሺ ማለት ቀላል ነው፤ ጥርሱ ተሠርቶ ሲመጣ ድርድሩ ገጥሞ፣ ተስተካክሎ፣ ፍንጭት የሚባል ነገር የለውም። ዳምጤ አጥልቆት ቤቱ ገባ፤ ሻሺቱ ፊት ቆሞ ከዚያ መስቀል ወዲህ የመጀመሪያውን ሳቅ ሳቀ። ሻሺቱ ለረጅም ጊዜ አየችው።

"ያምራል" አለችና ዓይኗን ዝቅ አደረገች። "ፍንጭቱስ?"

በማግስቱ ወደ አጥሩ ተመለሰ። ሐኪሟ ጠንካራ ነገር እንዳይነክሱ፣ በቆሎ እንኳ ቢሆን ፈልፍለው ይብሉ ብላ ደጋግማ አስጠንቅቃው ነበር። እሱም አውቋል። ነገር ግን ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ አንድ የቆየ ደንበኛው፣ ከጫኖ ሙዝ የሚያመጣ ነጋዴ፣ ከመኪናው ዘሎ ወረደና፣ "ጋሽ ዳምጤ! ጥርስህ ተመለሰ! እስቲ እንደ ድሮው አሳየና!" ብሎ ጮኸ። ባጃጅ ነጂዎቹ ዞር አሉ። ባዩሽ ከጭማቂ ቤቷ ብቅ አለች። ዓለሚቱም ከወዲያ ጫፍ አንገቷን አስግጋ አየች። ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ ይህችን ቅጽበት ሲኖራት የቆየ ሰው ምን ያድርግ? እጁ ቀደመው። ወፍራሙን ወይራ መዘዘ፣ ወደ አፉ ወሰደ፣ ነከሰ።

የተሰማው ድምፅ እንጨት የሚሰበር ነበር የሚመስለው፤ እንጨቱ ግን ደህና ነው። ሰው ሠራሹ ጥርስ የተተከለበት ሮዝ መደብ መሐል ለመሐል ተሰንጥቆ፣ ግማሹ ከነጥርሶቹ መፋቂያው እቅፍ ላይ ወደቀ። ነጋዴው መሳቅ አልፈለገም፤ ግን አመለጠው። እሱ ሲስቅ ባጃጅ ነጂዎቹ ተከተሉ። በዚያው ሳምንት ወሬው ሲቀላን አዳርሶ ሴቻ ወጣ፤ የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታልና፣ የዳምጤ ጥርስ ከጥንትም ሰው ሠራሽ ነበር ብሎ የሚምል ሰው ሁሉ ተገኘ። የተሰበረውን ማስጠገን ይቻል ነበር፤ ሐኪሟም ይምጣ ብላ በሻሺቱ ልካበት ነበር። ዳምጤ አልሄደም። ምኑን አሳይበታለሁ አለ።

ከዚያ በኋላ አጥሩ ሥር መቀመጡን ያላቆመው ለሽያጭ አይደለም። አንድ ነገር ብቻ ስለቀረው ነው። ሐኪሟ ያለችው "በአንድ ጠዋት" ከጆሮው አልወጣም። የእሱ አልፏል፣ የሻሺቱም አልፏል፤ ወጣት የሆነ፣ ድዱ ገና መድማት ላይ ያለ ሰው ግን በአንድ ጠዋት ይድናል። ቢያንስ ባዩሽን አድናለሁ አለ፤ ስምንት ዓመቷ ላይ እንባዋን ጠርጎ የዋሻትን ልጅ። ይህ ሐሳብ ከያዘው ጀምሮ ምግብም ትንሽ ትንሽ ይወርድለት ጀመር።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ ባዩሽ መንገዱን ተሻግራ መጣች። ከዚያ ቀን ወዲህ ስላዘነችለት አንዳንዴ ጭማቂ ታመጣለታለች፤ በዚያን ዕለትም አንድ ብርጭቆ ይዛለች።

"ባዩሽ፣ እስቲ አፍሽን ክፈቺ" አላት።

ሳቀችና ከፈተች። ጥርሷ ያምራል፣ ነጭ ነው። ዳምጤ ጥርሷን አልነበረም የሚያየው። ጥርሱ ሥር፣ ዙሪያውን፣ ድዷ ቀልቶ አብጧል።

"ስትፍቂ ይደማል?"

"ሁልጊዜም ይደማል ጋሼ፣ ታውቅ የለ። ሰሞኑን ግን በዛ፤ ለሠርጌ ይንጣልኝ ብዬ ጠንከር አድርጌ ስለምፍቅ መሰለኝ።"

"ሐኪም ቤት ሂጂ። ነገውኑ ሂጂ፤ በአንድ ጠዋት ያጥቡልሻል። መጥፎ ደም የሚባል ነገር የለም፣ ባዩሽ። የራስሽ ደም ነው።"

ባዩሽ ግራ ተጋብታ አየችው። ጥርስ ከሌለው አፍ የሚወጣ ቃል አየር ይበዛበታል፤ ግማሹን በግምት ነው የሰማችው። "አንተ አይደለህ እንዴ ያስተማርከኝ?"

"ተሳስቼ ነው።"

"ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ?"

"ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ" አለ ዳምጤ። እንዳላመነችው ዓይኗ ነገረው። እጁን ኪሱ ውስጥ ከተተና ከመስቀል ጀምሮ እዚያ ያለውን ጥርስ አውጥቶ በመዳፉ ዘረጋላት። "እዪው፣ ነጭ ነው። አንድም ቀዳዳ የለውም። እንደ አንቺ ጥርስ ነበር፣ እንደ አንቺው ድዴ ይደማ ነበር፤ ይኸው እጄ ላይ ነው። እባክሽ ልጄ። እባክሽ።"

ባዩሽ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች። ከዚያ አዘነችለት፤ ጎንበስ ብላ መዳፉን በሁለት እጇ ይዛ ጥርሱ ላይ ዘጋችለት።

"ጋሼ፣ እግዚአብሔር ያጽናህ። ስለደረሰብህ ነገር አዝነህ ነው እንዲህ የምትለው፣ ይገባኛል" አለችው። "እኔ ግን ጥርስህ ደህና በነበረ ጊዜ የነገርከኝን ነው የምይዘው።"

ብርጭቆውን አጠገቡ አስቀመጠች። ከእሱ እቅፍ መፋቂያ ልታነሳ እጇን ሰደደች፤ በመዶሻ የተቀጠቀጡትን ስታይ ግን መለሰችው። እሱን ላለማስቀየም ትንሽ ቆማ፣ ከዚያ ወደ አጥሩ ወዲያ ጫፍ ሄደች። ዳምጤ ከተቀመጠበት ሁሉንም ይሰማል። ዓለሚቱ አንድ ክትክታ መዘዘች፣ ጫፉን ነክሳ ልጡን ላጠችው፣ ትፍ አለች፣ አኘከችና ጥርሷን ፍቃ አሳየች። ባዩሽ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ስለ ደሙ ጠየቀቻት።

"መጥፎ ደም ነው እህቴ፣ ይውጣ። አትፍራ" አለች ዓለሚቱ በሙሉ ደግነት። "ጋሽ ዳምጤ ነው ያስተማረኝ።"

ባዩሽ እየፋቀች ተመለሰች። በዳምጤ ፊት ስታልፍ እንዳይከፋው በዓይኗ ሰላም አለችው፤ ወደ አጥሩ ዞር ብላ ተፋችና መንገዱን ተሻግራ ሥራዋ ገባች። ምራቁ ቀይ ነበር። ዳምጤ ጥርሱን በመዳፉ እንደጨበጠ ለረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ እግሩ፣ ሃያ ስምንት ዓመት እንደለመደው፣ አፈር ገፋ አድርጎ ሸፈነው።